ፍጻሜውን ያልዋኘችው መምህርት

በትውልድ አገሬ በካቺሲ ያለው ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ላይ ያበቃ ነበር። ከዚያ በላይ መማር የፈለገ ልጅ አምቦ ዘመድ ካለው ወደዚያ ይላካል፤ ከሌለው እርሻው ላይ ይቀራል። ሴት ከሆነች ደግሞ ዘመድ ቢኖራትም ብዙውን ጊዜ አትላክም። አባቴ እኔን ለምን እንደላከኝ እስከ ዛሬ በደንብ አላውቅም። አንድ ቀን ጠዋት በቅሎዋን ጭኖ "ተነሺ፣ እንሄዳለን" አለኝ፤ እናቴም ምንም ሳትናገር ነጠላዬን አጥፋ ሰጠችኝ።

አምቦ በመንግሥት ወረቀት ላይ ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር፤ በሰው አፍ ግን ያው አምቦ ነበረች። ያረፍኩት የአባቴ የሩቅ ዘመድ የሆኑ አንዲት ባልቴት ቤት ነው። እትዬ እላቸዋለሁ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ራት ያቀርቡልኛል፣ ልብሴ ሲቀደድ መርፌና ክር ይሰጡኛል፣ ቤተ ክርስቲያን ይዘውኝ ይሄዳሉ። ጨዋታ የሚባል ነገር ግን እሳቸው ቤት አልነበረም። ባላቸው ፖሊስ ነበሩ፤ ከሞቱ ወዲህ ቤቱ ጸጥ እንዳለ ቀረ። የምተኛው እህል በሚቀመጥበት ጓዳ ውስጥ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ወደ ካቺሲ የሚወስደው መንገድ ከተራራው ጀርባ የሚጠፋበትን ቦታ እያየሁ እቆያለሁ።

ትምህርት ቤትም ቢሆን ያው ነበርኩ። ክፍላችን ውስጥ ሴቶች ጥቂት ነበርን፤ ሌሎቹ የከተማው ልጆች ናቸው። እጅ ለእጅ ተያይዘው ይመጣሉ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዳሉ። አይጠሉኝም፤ ቤታችን የምንነጋገረው በኦሮምኛ ስለነበር የማስበውን በአማርኛ እስካገኘው ድረስ ጨዋታው ያልፈኛል እንጂ። ቃሉ ሲመጣልኝ እነሱ ሌላ ነገር ላይ ናቸው። እየቆየ መሞከሩንም ተውኩት።

ዘጠነኛ ክፍል የገባሁ ዓመት አንዲት አሜሪካዊት መምህርት መጣች። በዚያን ጊዜ ከአሜሪካ የሚላኩ ወጣት መምህራን በየከተማው ነበሩ፤ እኛ ጋ ከእሷ በፊት የመጡት ግን ሁሉም ወንዶች ናቸው። ዳይሬክተሩ ሰልፍ ላይ ሲያስተዋውቋት ሁላችንም ያየነው ትከሻዋን ነው። እንደዚያ ሰፊ ትከሻ ያላት ሴት አይተን አናውቅም። ከኋላዬ የቆመ ተማሪ "ይቺ ጤፍ ብትሸከም ሁለት ኩንታል አይበዛባትም" አለና ሰልፉ ሳቀ። እሷም ለምን እንደተሳቀ ሳታውቅ አብራ ሳቀች።

እንግሊዝኛና ስፖርት ታስተምረን ጀመር። "ሚስ" እንላታለን። አማርኛ ለመማር ትታገል ነበርና ሴቱን "አንተ" ወንዱን "አንቺ" ትላለች። ከትምህርት በኋላ የት እንደምትሄድ ግን ማንም አይጠይቅም ነበር። ከገበያው በላይ አንዲት ቆርቆሮ ቤት ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች። ወንዶቹ መምህራን ማታ ማታ አብረው ያመሻሉ፤ ወንድና ሴት አብሮ ማምሸት ነውር ስለነበር እሷን አይጠሩም። የከተማው ሴቶችም ምን ቋንቋ እናውራ ብለው ይሸሿታል።

አምቦ ፍል ውሃ አለ። ትልቁ መዋኛ ገንዳ ከእትዬ ቤት ብዙ አይርቅም። ሚስ በመጣች በሁለተኛው ሳምንት ሌሊቱ እንደነጋ እዚያ ሄዳ ውሃው ውስጥ ገባች። ዘበኛው ደነገጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ኦቦ ነው የምንላቸው። ሴት በዋና ልብስ ብቻዋን ስትዋኝ አይተው አያውቁምና በቀጥታ ሄደው ለዳይሬክተሩ ነገሩ።

ዳይሬክተሩ እኔን አስጠሩኝ።

"ቤትሽ ገንዳው አጠገብ ነው አይደል?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ጠዋት ጠዋት ከመምህርቷ ጋር ትሄጃለሽ። ሥራሽ መቀመጥ ብቻ ነው። ሴት ብቻዋን ስትታይ ሰው ያወራል፤ አጠገቧ ሌላ ሴት ካለች ግን ማንም ምንም አይልም።"

እምቢ ማለት አይታሰብም። እትዬም ዳይሬክተሩ ካሉ ብለው ፈቀዱ።

እንዲህ ሆኖ ነው የሰው ዋና ያየሁት። ከዚያ በፊት ሰው ውሃ ውስጥ ሲገባ የማውቀው ወንዝ ሲሻገር ነው፤ ወንዝ የሚሻገር ሰው ደግሞ ፊቱ ላይ ፍርሃት አለ። እሷ ላይ ምንም አልነበረም። ጠዋት ብርድ ሲሆን ከውሃው ላይ እንፋሎት ይነሳል፤ እንፋሎቱ ውስጥ ትገባና ትጠፋኛለች፤ ክንዷ ብቻ ብቅ ጥልቅ ይላል። ዳር ትደርሳለች፣ ተገልብጣ ትመለሳለች፣ እንደገና ዳር ትደርሳለች። አትናገርም፤ እኔም አልናገርም። ፎጣዋን ጭኔ ላይ አድርጌ አያታለሁ። እኔ ካልተናገርኩ የማይከፋው ሰው ሳገኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከውሃው ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና "ለምን ትፈራለህ?" አለችኝ በአማርኛ።

"ምኑን?"

"እኔን።"

"አልፈራም። ዝም ማለት ልማዴ ነው።"

ቃሉን አላወቀችውም መሰለኝ፤ "ዝም" አለች ለራሷ፣ እንደምትቀምሰው ዓይነት። "ጥሩ ቃል ነው። እኔም ዝም።"

ኦሎምፒክ መዋኘቷን የሰማነው ከአንዱ አሜሪካዊ መምህር ነው። ያ መምህር በኩራት ነበር የነገረን፤ ለአገሯ ተመርጣ ሄዳ ነበር፣ ቡድኗም ወርቅ አግኝቷል አለን። ወሬው በአንድ ቀን ከተማውን አዳረሰው። ያ ዘመን ኦሎምፒክ ሲባል የማይነሳሳ ሰው አልነበረም፤ የእኛው ሯጭ በማራቶን አሸንፎ ስሙ በየሬዲዮው ይጠራ ነበር። ወርቅ ያገኘ ሰው እኛ ከተማ፣ እኛ ትምህርት ቤት! ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ያያት ጀመር። ዳይሬክተሩ ለወላጆች በዓል ሜዳሊያዋን አንገቷ ላይ አድርጋ እንድትመጣ ለማድረግ አስበው ነበር አሉ።

የጠየቃት ግን ከእኛ ክፍል አንዱ ተማሪ ነው።

"ሚስ፣ ወርቁን መቼ ያሳዩናል?"

ጠመኔውን አስቀመጠች። "ወርቅ የለኝም" አለች በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ፣ ሁላችንም እንድንሰማ።

"ጠፋብዎ?"

"አልጠፋም። አልተሰጠኝም።"

"ቡድንዎ አሸንፏል ተብለናል።"

"ቡድኑ አሸንፏል። እኔ የዋኘሁት ማጣሪያውን ነው። ፍጻሜውን አልዋኘሁም።"

አንዱ ከኋላ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። በማግሥቱ ስሟ "ሚስ ማጣሪያ" ሆኖ አደረ። ውሸታም ናት ያሉም ነበሩ። ዳይሬክተሩ ለበዓሉ ሌላ ዝግጅት አደረጉ፤ እሷንም ከኋላ ወንበር አስቀመጧት። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ቆሞ የሚያያት አልነበረም።

እኔ ነገሩ አልገባኝም። አንድ ጠዋት ገንዳው ዳር ጠየቅኳት። እንግሊዝኛዬም አማርኛዋም ጎደሎ ነው፤ ሁለቱን እየቀላቀልን ነበር የምንግባባው።

"ዋናው እንደ ዱላ ቅብብል ነው" አለችኝ። "ዱላ ብቻ የለም። አንዷ ግድግዳውን ስትነካ ሌላዋ ትዘላለች። በጠዋቱ ማጣሪያ ፈጣኖቹ እንዲያርፉ እኛን አስገቡን። አንደኛ ወጣን። ማታ ፈጣኖቹ ዋኙ። እነሱም አንደኛ ወጡ።"

"ወርቁስ?"

"ለማታዎቹ ነው የሚሰጠው። ሕጉ እንደዚያ ነው።"

"እርስዎ ያን ጊዜ የት ነበሩ?"

"ከተመልካቾች ጋር ተቀምጬ። አጨበጨብኩ።" መዳፏን አየችው። "በጣም አጨበጨብኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት የማን ዘመድ ነሽ ብላ ጠየቀችኝ።"

"ምን አሏት?"

"የማንም አልኳት።"

ፎጣዋን ሰጠኋት። አሰልጣኟ አስቀድሞ እንዳልነገራት፣ ስም ሲጠራ የእሷን ሳይጠራ ሲቀር ብቻ እንዳወቀች የነገረችኝ በኋላ ነው።

ከገና በኋላ የአውራጃው ትምህርት ቤቶች የስፖርት ውድድር አምቦ ላይ እንዲደረግ ተወሰነ። ከጊንጪም ከጉደርም ከሌላውም ይመጣሉ። ለሴቶች የተፈቀደው የዱላ ቅብብል ብቻ ነበር። ሚስ ቡድን አቋቁማለሁ አለች። በመጀመሪያ ማንም አልመጣላትም፤ በቁምጣ በሰው ፊት መሮጥን የትኛዋ ሴት ትደፍራለች? እሷ ግን የየልጆቹን ቤት እየዞረች እናቶቻቸውን ለመነች። ጉልበት የሚሸፍን ሱሪ በገዛ እጇ ሰፋች። በመጨረሻ አራት ልጆች ተገኙ፤ አምስተኛዋ ተጠባባቂ እኔ ሆንኩ።

እትዬ ሲሰሙ "ለመማር ነው የመጣሽው ወይስ ለመጋለብ?" አሉኝ።

"ዳይሬክተሩ ፈቅደዋል፣ እትዬ።"

"እሳቸው የሰው ልጅ ነው የሚያስጋልቡት። አባትሽ ቢሰማ እኔን ነው የሚጠይቀኝ።" ግን አልከለከሉኝም።

ከሑሉቃ ወንዝ ማዶ ባለው መስክ ላይ ከትምህርት በኋላ እንለማመድ ነበር። ከሁላችን የምትፈጥነው የቴሌፎን ቤት ሠራተኛ ልጅ ናት። ስትሮጥ እግሯ መሬት የሚነካ አይመስልም። እኔ ከአምስታችን መጨረሻ ነበርኩ፤ ዱላ መቀበል ላይ ግን እጄ አይሳሳትም። ሚስ "እጅህ ጥሩ ነው" ትለኛለች። ልጆቹም ቀስ በቀስ ያናግሩኝ ጀመር። ልምምድ ሲያልቅ አንዳንዴ እጄን ይዘውኝ እስከ ድልድዩ ይሄዳሉ። ከዚያ እነሱ ወደ ላይ፣ እኔ ወደ ፍል ውሃው። ያቺን እስከ ድልድዩ ያለችውን መንገድ በጣም እወዳት ነበር።

ውድድሩ ቅዳሜና እሁድ ነው፤ ቅዳሜ ማጣሪያ፣ እሁድ ከሰዓት ፍጻሜ። ዓርብ ዕለት የቴሌፎን ቤቱ ሠራተኛ ልጅ ትኩሳት ያዛት። ሚስ ቤቷ ሄዳ አይታት ስትመጣ ፊቷ ጠቁሮ ነበር።

"ነገ አንተ ትሮጣለህ" አለችኝ።

ቅዳሜ ሮጥኩ። ስለ ሩጫው ብዙ አላስታውስም። የማስታውሰው ሜዳው ዙሪያ የቆመው ሰው ብዛት፣ ከዚያ ከኋላዬ የሚመጣው የእግር ድምፅ ነው። ዱላው መዳፌ ላይ አረፈ። ሮጥኩ። ሁለት ልጆች ቀድመውኝ ነበር፤ አንዷን ያለፍኳት ይመስለኛል። ዱላውን ሰጠሁና ሣሩ ላይ ወደቅኩ። ቀና ስል ልጆቹ እየጮኹ ወደ እኔ እየሮጡ ነበር። አልፈናል! አንዷ አንገቴን አንቃ ሳመችኝ፤ ሌላዋ "የካቺሲ ፈረስ!" እያለች ጀርባዬን መታችኝ። ሚስ ከምድር አነሳችኝ፤ ያ ሁሉም ሲስቅበት የነበረ ትከሻዋ ላይ። አምቦ ከገባሁ ጀምሮ ሰው ያቀፈኝ ያን ቀን ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሚስ እትዬ ቤት መጣች። በሩ ላይ ተቀምጬ ነበር። እትዬ ወንበር ሲያወጡላት አልቀመጥም ብላ ቆማ ቀረች። ያኔ ገባኝ።

"ትኩሳቱ ለቀቃት" አለች። "ሐኪሙም መሮጥ ትችላለች ብሏል። ነገ እሷ ናት።"

ፊቴን ወደ ካቺሲው መንገድ አዞርኩ።

"ሌላ ሰው እንዲነግርህ አልፈለግኩም። ሜዳ ላይ እንድትሰማም አልፈለግኩም። እኔ ራሴ..." አማርኛው አለቀባት። በእንግሊዝኛ ቀጠለች፤ አልሰማኋትም፤ ብሰማትም አይገባኝም ነበር። በመጨረሻ "ገባህ?" አለችኝ።

"ገባኝ፣ ሚስ።"

ከሄደች በኋላ እትዬ "ምን አለችሽ?" ብለው ጠየቁኝ።

"ነገ አልሮጥም።"

"እሰይ!" አሉና ፊቴን ሲያዩ ደግሞ ምንም ሳይጨምሩ ገቡ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባቴ በሩ ላይ በቅሎዋን እያሰረ ነበር። ከካቺሲ የሁለት ቀን መንገድ ተጉዞ፣ ጋቢው አቧራ ለብሶ። ካቺሲ ቅቤ ሊገዛ የሄደ ነጋዴ ልጅህ እሁድ በአውራጃው ገዢ ፊት ልትሮጥ ነው ብሎ ነግሮት ነው የመጣው፤ ነጋዴው ተጠባባቂ መሆኔን አያውቅም ነበር። ሊከለክለኝ ይሁን ሊያየኝ አልተናገረም። እትዬን ሰላም ካለ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ በኦሮምኛ "ኢንተለ ኮ፣ የት ነው ሜዳው?" አለኝ። ልጄ ማለቱ ነው፤ ከሄድኩ ወዲህ እንደዚያ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም።

እንደማልሮጥ መንገር ነበረብኝ። አልነገርኩትም። ይዤው ሄድኩ።

ሜዳው ዳር ከሰዉ ጋር ቆምን። የእኛ ልጆች ሚስ የሰፋችውን ሱሪ ለብሰው ሲገቡ አባቴ እነሱንም እኔንም አየ። የትምህርት ቤት ቀሚሴን እንደለበስኩ ነኝ።

"አንቺ መቼ ነው?"

"ትናንት ሮጥኩ፣ አባ።"

"ትናንት?"

"ትናንት ማጣሪያ ነበር። ዛሬ የሚሮጡት ሌሎች ናቸው።"

ከሩቅ መምጣቱን፣ በቅሎዋ ማነከሷን፣ ነገም ያንኑ መንገድ መመለስ እንዳለበት እያሰበ እንደነበር አውቃለሁ።

ልጆቹ አሸነፉ። የቴሌፎን ቤቱ ሠራተኛ ልጅ የመጨረሻውን ዙር ስትወስድ ጊንጪዎች ይቀድሙን ነበር፤ ሁሉንም ጥላቸው ገባች። እኔ ብሆን እንሸነፍ ነበር፤ እዚያው ቆሜ አውቄዋለሁ። ሕዝቡ ጮኸ። ገዢው አራቱን ጠርተው ለእያንዳንዳቸው ነጭ ካኔተራ ሰጡ፤ ሰው አበባ ወረወረ፤ ልጆቹም ተቃቅፈው ዘለሉ። አጨበጨብኩ። አንዷም ወደ እኔ አልተመለከተችም። ክፋት አልነበረም፤ ደስታው አጥለቅልቋቸው ነው።

ሚስ ግን አየችኝ። ሰዉን እየሰነጠቀች መጣች። አባቴን በሁለት እጇ ጨበጠችውና በእንግሊዝኛ ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ።

"አባቴ ነው። ሊያየኝ ነው የመጣው።"

ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። አባቴ ቀጥ ብሎ አያት፤ ከዚያ ለእኔ "በያት፣ ልጄን ለምን አላስሮጥሻትም?" አለኝ።

እኔ ነበርኩ አስተርጓሚዋ። ጥያቄውን በገዛ አፌ፣ በእንግሊዝኛ፣ ዓይኗን እያየሁ ጠየቅኳት። እሷም ለአባቴ ሳይሆን ለእኔ መለሰች።

"ሌላዋ ትፈጥናለች።"

ተረጎምኩለት።

"እውነት ነው?" አለኝ አባቴ።

"እውነት ነው፣ አባ።"

"እንግዲያው ምን ይባላል" አለና እጇን እንደገና ጨበጣት። እሷ ሌላ ነገር ልትናገር ፈልጋ ነበር፤ ልጆቹ ግን እየጎተቱ ወሰዷት።

ሰዉ እስኪበተን ቆየን። ሜዳው ላይ ጥቂት ልጆች ብቻ ሲቀሩ አባቴ ተቀመጠና የመንገድ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

"እኔ ትናንት አልነበርኩም" አለ። "ትናንት የሮጥሽውን አሁን ሩጪልኝ።"

"በዚህ ቀሚስ?"

"በዚህ ቀሚስ።"

ጫማዬን አወለቅኩ። ከአንዱ ጥግ ተነሥቼ መሮጥ ጀመርኩ። ዱላ የሚሰጠኝ የለም፤ የምሰጠውም የለም። ልጆቹ "እዩዋት! እዩዋት!" እያሉ ከኋላዬ ተከተሉኝና ይስቁ ጀመር። ግማሽ ላይ ስደርስ እግሬ ከበደኝ። ቆምኩ። ቀሚሴን አስተካክዬ እየተራመድኩ ወደ አባቴ ተመለስኩ።

"ጥሩ ነው" አለኝ። ከዚያ ስለ በቅሎዋ እግር ማውራት ጀመረ። በማግሥቱ ሳይነጋ ተነሥቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ወደ ገንዳው መሄድ ተውኩ። ለዳይሬክተሩ ጠዋት ብርዱ አላስቻለኝም አልኳቸው፤ እሳቸውም ሌላ ሴት አላዘዙም፤ ከተማው በዚያ ጊዜ እሷን ለምዷት ነበርና ማንም አያወራም። ክፍል ውስጥ ስትጠይቀኝ እመልሳለሁ፤ ስታልፍ እነሣለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አልነበረንም። ልጆቹም ውድድሩ ካለቀ በኋላ ልምምድ አልነበራቸውም፤ እስከ ድልድዩ የሚያስኬደን ነገር ጠፋ። ካኔተራቸውን አርብ አርብ ለብሰው ይመጣሉ። እኔም እንደ ድሮዬ በሩ ላይ መቀመጤን ቀጠልኩ።

የበልግ ዝናብ የጀመረ ሰሞን አንድ ቀን ከሰዓት ሚስ ዝናቡ እየወረደባት መጣች። እትዬ ገበያ ሄደዋል። ሳልጋብዛት ደጃፉ ላይ ከጎኔ ተቀመጠች። አማርኛዋ በዚያ ጊዜ ተሻሽሎ ነበር።

"አሰልጣኜን ሁለት ዓመት አላናገርኩትም" አለችኝ። "አንቺ ገና ሁለት ወርሽ ነው።"

"አንቺ" ማለቷን ያን ቀን ነው ልብ ያልኩት።

"አልተቆጣሁም፣ ሚስ።"

"ተቆጥተሻል። ልክ ነሽ።" እርጥብ ፀጉሯን ጨመቀች። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንቺ እኔን ብትሆኚ ማንን ታስሮጪ ነበር?"

ብዙ ጊዜ ያሰብኩበት ስለነበር መልሱ አልዘገየብኝም።

"እኔን።"

"ትሸነፊ ነበር።"

"እንሸነፍ ነበር። አባቴ ግን ያየኝ ነበር።"

ራሷን ነቀነቀች። ትክክል ነሽም ተሳስተሻልም አላለችኝም። "እኔ ሌላ ነገር የማደርግ ይመስለኝ ነበር" አለች። "ሰዓቱ ሲደርስ ያንኑ አደረግኩ። አሰልጣኜም ክፉ ሰው አልነበረም ማለት ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ምንም አልቀለለኝም።"

ዝናቡ እስኪያባራ አብረን ተቀመጥን። ያወራነው ሌላ ነገር አልነበረም። ስትሄድ "ነገ ጠዋት ውሃው ሞቃት ነው" አለችኝ።

ሄድኩ። ከዚያ እስከ ትምህርቱ መዘጊያ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ እሄድ ነበር። ሰው በሌለበት ሰዓት ጥልቅ ባልሆነው በኩል ውሃው ውስጥ አስገባችኝ፤ በጀርባዬ መንሳፈፍ አስተማረችኝ። እጇን ከጀርባዬ ስር አድርጋ ትይዘኛለች፣ ከዚያ ሳትነግረኝ ታወጣዋለች። ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ስለሚሆን ምንም አልሰማም፤ የማየው ሰማይ ብቻ ነው። በዋና ግን ዳር ደርሼ አላውቅም። በፊት የነበረን ያ ዝምታም አልተመለሰም። በመካከላችን ሁልጊዜ ልንናገረው የሚገባ ነገር ያለ ይመስል ነበርና አንዳችን ጀምረን እንተወዋለን።

የሥራ ጊዜዋ ሲያልቅ ሰኔ ላይ ሄደች። ሌሎቹ መምህራን አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኟት፤ እኔም ከእነሱ ጀርባ ቆሜ ነበር። ከመሳፈሯ በፊት መጥታ አቀፈችኝ። በመስኮቱ በኩል አንድ ነገር ነገረችኝ፤ ረዳቱ "ጊንጪ! ሆለታ! አዲስ አበባ!" እያለ ይጮህ ስለነበር አልሰማሁም። "ምን አሉ?" ብዬ ጮህኩ። እሷም እንዳልሰማችኝ በምልክት አሳየችኝ። አውቶቡሱ ሄደ። ሌሎቹ እየተጫወቱ ወደ ከተማ ተመለሱ፤ እኔ ከሰዓት የጂኦግራፊ ፈተና ስለነበረኝ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ስለ እሷ የሰማሁት ነገር የለም። ቤቷን አንድ የሒሳብ መምህር ተከራየው። የሴቶች የዱላ ቅብብል በሚቀጥለው ዓመት ቀረ፤ የሚያሰለጥን ሰው አልነበረም። እኔም ከአሥራ ሁለተኛ በኋላ መምህርነት ተምሬ ብዙ ዓመት ጊንጪ አስተማርኩ።

እሷ በሄደችበት ክረምት ግን ካቺሲ ገባሁ። እናቴ እሳት ዳር ቁጭ ብላ የምታውቀው ሰው ይመስል ስለ ፈረንጇ ጠየቀችኝ፤ አባቴ ነግሯት ነበር።

"ምን ዓይነት ሴት ናት?"

በኦሮምኛ እንዴት እንደምነግራት አሰብኩ። ኦሎምፒክን፣ ማጣሪያን፣ ፍጻሜን እናቴ ቤት የሚጠራቸው የለም።

"ዋናተኛ ናት" አልኳት። "ውሃ ውስጥ ገብታ በጣም ትዋኛለች።"

"የት ለመድረስ?" አለችኝ እናቴ። ከወንዝ ወዲያ ማዶ ጉዳይ የሌለው ሰው ውሃ ውስጥ ይገባል ብላ አታስብም።

"የትም። ዳር ትደርስና ትመለሳለች።"

"ብቻዋን?"

"ብቻዋን።"

እናቴ እሳቱን ቆሰቆሰች። ከዚያ "ሰው የላትም እንዴ?" አለችኝ።

"እኔ እንጃ" አልኳት። "ጠይቄያት አላውቅም።"